ለዓመታት የተኛች ትራያምፍ ሮድስተር እንዴት ትቀሰቀሳለች?

«በርዠራክ»ን የተከታተለ ሰው የወንጀለኞቹን ስም ሁሉ ቢረሳ መኪናዋን አይረሳትም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1991 ባሳየው በዚያ የመርማሪ ፖሊስ ድራማ፣ ጆን ኔትልስ የሚጫወተው ጂም በርዠራክ የጀርዚን ደሴት የሚዞረው በ1947 በተሠራች ጥቁር ቀይ ትራያምፍ ሮድስተር ነበር። ወንጀለኛ ስታሳድድ ላያት ፈጣን ትመስላለች። እውነቱን ለመናገር ግን የ«1800» ሞዴሏ ሞተር 1,776 ሲሲ፣ ጉልበቱም 65 ፈረስ ገደማ ነው፤ ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 60 ማይል እስክትደርስ ግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ደግነቱ ጀርዚ ውስጥ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። ሌባውም የትም አይደርስም።

ከ1946 እስከ 1949 የተሠሩት ሮድስተሮች ሁሉ ተደምረው 4,500 ገደማ ናቸው። እስካሁን ከተረፉት ውስጥ አንዳንዶቹ በየሰው ጋራዥ፣ አቧራ በለበሰ ብርድ ልብስ ሥር ተኝተዋል። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር የጡረተኛ ጎረቤቴን ሮድስተር ስንቀሰቅስ ስላገዝኳቸው፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የተማርኩት እጄን እያቆሸሽኩ ነው። ቅደም ተከተሉ ከሙያው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንደኛ፦ ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ባትሪ አስሮ «እስቲ ትነሳ እንደሆነ» ማለት ይወዳል። ደርቆ የቆመ ሞተር በሞተሪኖ ሲጎተት የዛገው የፒስቶን ቀለበት ሲሊንደሩን ይጭረዋል። በዚያ ላይ ብትነሳስ ማን ያቆማታል? በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉና ወደ እንጨቱ ይሂዱ።

ሁለተኛ፦ እንጨቱን ይፈትሹ። አዎ፣ እንጨቱን። ይህቺ መኪና ከሻንሲዋ በላይ ግማሽ የአናጢ ሥራ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር፤ አሉሚኒየም ግን አይጠፋም። ስለዚህ ፋብሪካው ከፊተኞቹ ፓራፋንጎዎች በቀር አካሏን አሉሚኒየም አልብሶ በእንጨት አጥንት ላይ አቆመው። አሉሚኒየሙ የተቀረጸው የሞስኪቶ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክፍሎች በተሠሩበት የጎማ መጭመቂያ ነው። እንጨቱ አሽ የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ሲሆን ዘሩ ከእኛው ወይራ ቤተሰብ ነው። እንደ ወይራ ግን ምስጥና እርጥበት አይችልም።

በሩን ከፍተው ጫፉን በሁለት እጅዎ ወደ ላይ ያንሱት። በሩ ብቻውን ከተነቃነቀ ማጠፊያው አልቋል፤ ቀላል ነው። ማጠፊያው የተመታበት ምሰሶ አብሮ ከተነሳ ግን እንጨቱ በስብሷል። ከዚያ ካቻቢቴውን ገልብጠው በእጀታው ምሰሶዎቹን፣ የበሩን ደፍና የኋላውን መቀመጫ ሥር እየመቱ ያዳምጡ። ጤነኛ እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን ድምፁን ይውጠዋል። በጎረቤቴ መኪና ላይ በግራው በር ሥር ድምፁ የተዋጠበትን ቦታ በጫፉ ወጋ ስናደርገው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ፤ ስናወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ይዞ መጣ። እንዲህ ከሆነ ሜካኒክ ሳይሆን አናጢ ይፈልጉ፤ ሒሳቡም ከሞተር ጥገና ሊበልጥ ይችላል። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታም ቀለሙ አብጦ ሥሩ ነጭ ዱቄት ካገኙ ሁለቱ ብረቶች እየተበላሉ ነው።

ሦስተኛ፦ ፍሬኑን ይሥሩ። ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ እኔ ግን ከሞተሩ በፊት ይሁን ባይ ነኝ። እንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈና ብዙ ያልተለወጡ መኪኖች ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱም። የእርስዎን ፍሬን የሚያይልዎ ባለሥልጣን የለም ማለት ነው።

ፍሬኗ በዘይት የሚሠራ ሲሆን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። መኪናዋን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉና ታምቡሮቹን ያውልቁ። የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ይጣል፤ አጥቦ መመለስ አይቻልም። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ሁሉንም ይለውጡ። ተጣጣፊዎቹን የጎማ ቱቦዎችም እንዲሁ፤ ከውጭ አዲስ ቢመስሉ እንኳ ከውስጥ ያብጣሉ፤ ያኔ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅ ይላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ዓመታት ያስቆጠረውን አሮጌ ዘይት ሙሉ በሙሉ ያስወጡት። ሲጨርሱ ፔዳሉን ረግጠው አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፤ ተመልሰው ይፈልጉ።

አራተኛ፦ አሮጌውን ነዳጅ ያስወግዱ። ከቤት ውጭ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት። የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ካርቡራተሩን ፈትተው ቀዳዳዎቹን በታመቀ አየር ይንፉ። አዲስ ሲሞሉ እንግሊዝ አገር ኢ10 የሚባለውን ሳይሆን ኢታኖሉ አነስ ያለውን ኢ5 ይምረጡ፤ ኢታኖል የቆዩ የጎማ ክፍሎችን ይበላል።

አምስተኛ፦ ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። የካንዴላ ሽቦዎቹ ላይ ቁጥር ይጻፉ ብዬ ብመክር የሚሰማኝ የለም፤ ቢሳሳቱ ግን ሞተሩ እያስነጠሰ ቀኑን ሙሉ ያንገላታዎታል። አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ ያድርጉና ሁለት ቀን ይተዉት። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገው በማኖቬላ፣ ማለትም ከፊት በሚገባው የእጅ ማዞሪያ፣ ቀስ ብለው ያዙሩ። አውራ ጣትዎ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ እጀታውን ጠቅልለው አይያዙ። ይህን የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ ሞተር መልሶ ሲመታ አውራ ጣት ይሰብራል። እንቢ ካለ አይታገሉት፤ ዘይት ጨምረው ሌላ ሁለት ቀን ይታገሱ።

የጎረቤቴ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር ፈገግ አሰኝቶኝ ነበር። መኪናዋ እንግሊዛዊት፣ ባለቤቷ እንግሊዛዊ፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የለመድኳቸውን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉ ቃላት ስደረድር እሳቸው ጣልያንኛ የምችል መሰላቸው።

ስድስተኛ፦ ባትሪውን ይሰሩ፤ ግን ገልብጠው። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የምንነዳው መኪና ሁሉ ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። በዚህች መኪና ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች ልማድ ነበር። እኔ እጄ እንደለመደው አሰርኩት። ያዳነን የመብራቱ ነገር ነው። ሞተሩ ሳይነሳ የፊት መብራት ሲበራ የባትሪው መቆጣጠሪያ መርፌ ወደ «ይጎድላል» ማዘንበል ሲገባው ወደ «ይሞላል» ሄደ። ሞተር ሳይነሳ ማን ሊሞላው? ወዲያው ፈታሁት። ዲናሞው እየዞረ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር። ስለዚህ እርስዎም መብራቱን አብርተው መርፌውን ይዩ።

ሰባተኛ፦ አሁን ቁልፉን ያውጡ። የሞተር ዘይቱን ይቀይሩ፤ ራዲያተሩን ይሙሉ፤ ማኒኮቶዎቹን ጨብጠው ከተሰነጠቁ ይለውጡ። ካንዴላዎቹን ሳይመልሱና የቦቢናውን ሽቦ ነቅለው በሞተሪኖ ያዙሩት፤ የዘይት ግፊት መርፌው እስኪነሳ ድረስ ነዳጅም ሆነ እሳት አይስጡት። መርፌው ሲነሳ ካንዴላ ይመልሱ፤ ፑንቲናውን ጠርገው ያስነሱ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ሲሊንደር ውስጥ የጨመርነው ዘይት ስለሆነ አይደንግጡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካልጠራ ግን ይደንግጡ።

ስምንተኛ፦ ይውጡ፤ ሩቅ ግን አይሂዱ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ቢሞላም ያረጁ ስለሆኑ አዲስ ያስገቡ። ማርሹ ያለው መሪው ዘንግ ላይ ነው፤ ፊት ሦስት ሰው ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ተብሎ ነው። አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ትቁም። ከኋላ የዕቃው ክዳን ተከፍቶ ሁለት ሰው የሚይዝ መቀመጫ ይሆናል፤ የራሱ የንፋስ መስታወትም አለው። ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ቀበቶ ስለሌለው ፍሬኑ በደንብ እስኪታወቅ ባዶውን ይሂድ። ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸው ስታለቅስ እንኳ አልፈቀዱላትም።

ሲመለሱ ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘርግተው ያሳድሯት። ጠዋት ከሞተሩ ሥር ጥቁር ጠብታ ካዩ ዘይት ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ሁለት ሦስት ጠብታ ይፈቀድላታል። ከጎማዎቹ በአንዱ ሥር ቀጭን፣ ገርጣ ያለ እርጥበት ካለ ግን የፍሬን ዘይት ነው። ታኮውን መልሰው፣ ታምቡሩን እንደገና ያውልቁ።