ገዢው በምሳሌ ሲጽፍላችሁ

ዛሬ የማወራው ስለ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውም ዞሮ ዞሮ ዋጋ ነው። የውጭ ገዢዎች ኢሜይል ላይ ስለ ጥንቃቄ የሚናገሩ አባባሎች ይበዛሉ። ቃል በቃል ተርጉሞ የሚመልስ ላኪ ውል ያበላሻል።

1. «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ»
ከጸጸት ጥንቃቄ ይሻላል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገዢው የቅድመ ጭነት ናሙና በድጋሚ ሲጠይቅ ነው። «አላመነንም» ብላችሁ አትቀየሙ። ናሙናውን ላኩ፤ ግን ናሙናው እስኪጸድቅ የመጫኛው ቀን እንደሚራዘም በጽሑፍ አስረጋግጡ።

2. «ዶንት ፑት ኦል ዩር ኤግስ ኢን ዋን ባስኬት»
እንቁላልህን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ አትክተት። ገዢው ይህን ካለ ከሌላ አገርም ሊገዛ ነው፤ ጥራታችሁን እየነቀፈ አይደለም። ቶሎ ብላችሁ ዋጋ አትቀንሱ። ስንት ኮንቴይነር እንደሚቀርላችሁ ጠይቁ። ለዩኒየኖችም ምክሩ ያው ነው፦ ምርቱን ሁሉ ለአንድ ገዢ አታስሩ።

3. «ዶንት ካውንት ዩር ቺክንስ ቢፎር ዘይ ሃች»
ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ አትቁጠር። የኛው «ላም አለኝ በሰማይ» ቅርቡ ነው። ገዢው ውሉ ገና አላለቀም እያላችሁ ነው። የተፈረመ ውል ወይም ኤልሲ ሳይኖር፣ ኢሜይል ብቻ ይዛችሁ ለአባል ገበሬ ዋጋ አትንገሩ። የተነገረ ዋጋ ከቀረ እምነቱም አብሮ ይሄዳል።

4. «ፎር ኤ ሬይኒ ደይ»
በቀጥታ ሲተረጎም «ለዝናባማ ቀን» ነው። ይህን ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ገብስና ባቄላ ለሚዘራ የላስታ ገበሬ ብትነግሩት ይስቃል። ለሱ ዝናብ በረከት ነው፤ የ1977ቱ ክፉ ቀን የመጣው ዝናብ ሲጠፋ ነበር። ትክክለኛ ትርጉሙ «ለክፉ ቀን» ነው። አበዳሪ ይህን ሲጽፍ መጠባበቂያ ገንዘብ አስቀምጡ ማለቱ ነው።

5. «ዊ አር ሄጅድ»
ዋናው ይሄ ነው። ሄጅ አጥር ነው፤ ማሳን በእሾህ እንደማጠር። ገዢው የእናንተን ቡና በተቆረጠ ዋጋ ሲገዛ፣ ያንኑ ያህል ኒውዮርክ ገበያ ላይ ለወደፊት ይሸጣል። ዋጋ ቢወርድ ቡናው ላይ ያጣውን እዚያ ያገኛል፤ ቢወጣ እዚያ የከሰረውን የእናንተ ቡና ይክስለታል። ቡናው ካልመጣ ግን ኪሳራው ብቻ ይቀርበታል።

በየካቲት 2017 የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዋጋ ጨምሯልና ለሌላ ልሽጥ» ያለ ላኪ የገዢውን አጥር ያፈርሳል፤ የካሳ ጥያቄም ይከተለዋል። ብትዘገዩም ቦታውን ወደሚቀጥለው ወር ማዛወር ያስወጣዋል። ስለዚህ መዘግየት ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በጠቅላላው፣ ደብዳቤው ውስጥ ምሳሌ ካያችሁ በምሳሌ አትመልሱ። ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ መጠን፣ ዋጋ፣ ቀን። ያልገባችሁ አባባል ካለ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው እንመለስበታለን። መልካም ገበያ!