ቀላል የሞገድ አመንጪ መሣሪያ አሠራር

የልብ መመርመሪያ መሣሪያ (ኤሌክትሮካርዲዮግራፍ) ያወጣው መስመር ሲዛባ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የታመመው ልቡ ነው ወይስ መሣሪያው? ሚዛኑ ሳይመረመር እህሉ አይመዘንም። ስለዚህ ከበሽተኛው በፊት አስቀድመን የምናውቀውን ሞገድ ለመሣሪያው መስጠት ይገባል። ይህን ሞገድ የሚሰጠው ፋንክሽን ጄኔሬተር ነው። ውድ አንባብያን፣ በትርፍ ጊዜያችን ልንሠራው ስለምንችል አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት።

1ኛ/ መሠረቱ፦ መሣሪያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው አወዳዳሪ ነው፤ ውጤቱ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ይላል እንጂ መካከል ላይ አይቆምም። ሁለተኛው አጠራቃሚ ነው፤ ይኸውም ከአወዳዳሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በካፓሲተር ቀስ በቀስ ያጠራቅማል። አወዳዳሪው ከፍ ሲል የአጠራቃሚው ውጤት ይወርዳል፤ ከወሰኑ ሲደርስም አወዳዳሪውን ይገለብጠውና መልሶ መውጣት ይጀምራል። በዚህ መመላለስ ከአወዳዳሪው ባለ አራት ማዕዘን፣ ከአጠራቃሚው ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ይገኛል።

2ኛ/ ዕቃዎቹ፦ ሁለት ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር የያዘ ቲ.ኤል. 072 አይ.ሲ.፣ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አራት የ10 ኪሎ ኦም፣ አንድ የ100 ኪሎ ኦምና አንድ የ22 ኦም ሬዚስተር፣ በእጅ የሚዞር የ500 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ የ1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር። በካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፍ የሌለው ዓይነት መሆን አለበት።

3ኛ/ አገጣጠሙ፦ ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ይያያዙ፤ መገናኛቸው «መሬት» ይባላል። ፖዘቲቩ ጫፍ ከአይ.ሲ.ው 8ኛ እግር፣ ኔጌቲቩ ከ4ኛው፣ መሬት ደግሞ ከ2ኛውና ከ5ኛው ይገናኝ። ከ1ኛው ወደ 3ኛው ሁለት የ10 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከ7ኛው ወደ 3ኛው አንድ፣ ከ1ኛው ወደ 6ኛው የቀረው የ10 ኪሎ ኦምና ተለዋዋጩ በተከታታይ ይግቡ። ካፓሲተሩ በ6ኛውና በ7ኛው መካከል ይሁን።

4ኛ/ ስሌቱ፦ በዚህ አገጣጠም ድግግሞሹ ማለት 1 ሲካፈል ለ2 ጊዜ ሬዚስተር ጊዜ ካፓሲተር ነው። ተለዋዋጩ እስከ መጨረሻ ሲከፈት 1 ኸርዝ ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ 60 የልብ ትርታ ያህል ይሆናል። ሲዘጋ 10 ኪሎ ኦም ብቻ ይቀርና 50 ኸርዝ ይደርሳል፤ ይህም የአገራችን የመብራት መሥመር ድግግሞሽ ነው።

5ኛ/ ፍተሻው፦ ከ7ኛው እግር በ100 ኪሎ ኦም፣ ከዚያም በ22 ኦም ወደ መሬት ብንወርድ በሁለቱ መገናኛ ላይ 1 ሚሊ ቮልት ገደማ እናገኛለን። ልብ በቆዳ ላይ የሚሰጠውም ይህንኑ ያህል ነው። የግራ እጅ ገመድ ከዚህ መገናኛ፣ የቀኝ እጅና የሁለቱ እግሮች ገመዶች ከመሬት ተያይዘው በሊድ አንድ ይነበብ። የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ከደደረ መሣሪያው ፈጣን ለውጦችን እየዋጠ ነው። ከ1ኛው እግር ወስደን የአራት ማዕዘኑ አናት በጣም ካዘቀዘቀ ደግሞ ዝግተኛ ለውጦችን እያጠፋ ነው። በ50 ኸርዝ ማጣሪያው ሲከፈት ሞገዱ ማነስ አለበት።

6ኛ/ ጥንቃቄ፦ መሣሪያው በባትሪ ብቻ ይሥራ። በፍተሻው ጊዜ ገመዶቹ ከሰው አካል ጋር ፈጽሞ አይገናኙ።

ነገ መሐንዲስ በቅርብ በማይገኝበት ሆስፒታል ብንመደብ፣ ደህናውን ሰው በልብ በሽተኛነት ከማከም፣ በሽተኛውንም ደህና ነህ ብሎ ከማሰናበት የሚያድነን አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሠርተው የሞከሩ አንባብያን ውጤታቸውን ለዝግጅት ክፍሉ ቢጽፉ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል።