«ጀርባዬን ማን ያያል እል ነበር»

በዚህ ሳምንት ለምክር አምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ የሞላ ነው። ጻፊዋ ስሟን አልገለጸችም፤ ከሥር «ሚዜዋ» ብላ ፈርማለች። ዕድሜዋ 24 ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ትተዳደራለች። አብሮ አደግ ጓደኛዋ ጥር 15 ታገባለች፤ ለአራቱ ሚዜዎች የተመረጠው ቀሚስ ደግሞ ጀርባው ክፍት ነው። «ፊቴ ንጹሕ ስለሆነ ማንም አያውቅብኝም» ትላለች። «ጀርባዬን ማን ያያል እል ነበር። አሁን ልብስ ሰፊዋ ለልክ ስትጠራኝ አሞኛል እያልኩ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ሚዜነቱን ልተወው ይሆን?»

ብጉሩ ከጀመራት ሦስት ዓመት አልፎታል። አክስቷ «ደምሽ ቆሽሾ ነው» ስላሏት ጠዋት ማታ በሻካራ መታሻ ጀርባዋን ስትፈትግ ኖራለች። እናቷ «ተይው ልጄ፣ ስታገቢ ይጠፋል» እያሉ ፌጦ በሎሚ ለውሰው ይቀቧታል። በመጨረሻ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ በትንሽ ዕቃ የተሞላ ቅልቅል ክሬም ገዛች። በሁለት ሳምንት ቆዳዋ ጠራ፤ ደስ አላት። በሁለተኛው ወር ትከሻዋና ጀርባዋ እኩል በሆኑ ትንንሽ ቀያይ ፍንጣሪዎች ተሸፈነ።

ሚዜነቱን መተው የለባትም። መተው ያለባት መታሻውን፣ ሎሚውንና ክሬሙን ነው።

ጀርባ ከፊትና ከደረት ጋር የወዝ እጢዎች ከሚበዙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። እጢዎቹ ከጸጉር ሥር ጋር ተያይዘው በአንድ ቀዳዳ ወዛቸውን ወደ ላይ ይልካሉ። አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲያነቃቋቸው ወዙ ይበዛል፤ ከቀዳዳው ግድግዳ የሚረግፉት የሞቱ ሴሎችም ከወዙ ጋር ተጣብቀው ውታፍ ይሆናሉ። ከውታፉ በታች በማንኛውም ጤናማ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ኪውቲባክቴሪየም አክኒስ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ ቦታው ቀልቶ ያብጣል፣ ይመግላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቆዳው ውስጥ ነው። አንዳንዱ ብጉር አናት ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳ ቆሻሻ አይደለም፤ ለአየር የተጋለጠ ውታፍና የቆዳው የራሱ ቀለም ነው። ስለዚህ ደሟም አልቆሸሸም፣ የንጽሕና ጉድለትም የለባትም። ፊታቸው ላይ ብጉር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ጀርባቸው ወይም ደረታቸው ላይም አለባቸው፤ እንደ እሷ በጀርባ ብቻ የሚወጣባቸውም አሉ።

መታሻው የሚያባብሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሚልስ እና ክሊግማን የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ፍትጊያ፣ ጫናና ሙቀት ብቻቸውን ብጉርን እንደሚቀሰቅሱ ጽፈው ለዚህ ዓይነቱ የራሱን ስም ሰጡት። የስፖርተኞች የትከሻ መከላከያ፣ የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ፣ ጠባብና ላብ የማያስወጣ ልብስ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ደብዳቤ ጻፊዋ ላፕቶፕ የያዘ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ረጅም ሰዓት እንደምትቆም አንድ ቦታ ላይ ጠቅሳለች። ቦርሳውን በእጅ ወይም በአንድ ጎን መያዝ ምንም አያስወጣትም። የሎሚው ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቆዳ ላይ የቀረ የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ሊያቃጥልና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊተው ይችላል። ፌጦም ያስቆጣል። እናት የሚቀቡት በፍቅር ነውና ልጅቷ ይህንን በእርጋታ ልታስረዳቸው ይገባል።

ክሬሙ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስባል።

ስም፣ ይዘትና የማብቂያ ቀን ሳይጻፍባቸው በየመዋቢያ ሱቁ የሚሸጡ ቅልቅሎች ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ይገኙባቸዋል። ክሎቤታሶል በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ካሉት እጅግ ኃይለኞቹ አንዱ ነው፤ ሐኪም ሲያዘው እንኳ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። መጀመሪያ ቁጣውን ስለሚያበርደው ቆዳው የጠራ ይመስላል። ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ያነጣል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል። በስቴሮይድ የሚመጣው ብጉር ሁሉም እኩል የሆነ፣ በአንድ ቀን የበቀለ የሚመስል ነው፤ እሷ የገለጸችው ደግሞ ይህንኑ ነው። ክሬሙ በድንገት ሲቆም ቆዳው ለጥቂት ሳምንታት ሊብስበት ይችላል፣ ይህም ብዙዎችን ወደ ሱቁ ይመልሳል። ስለዚህ ዕቃውን እንደያዘች ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ እንዴት እንደምታቆም እሱ ይንገራት። ለሰው ቆዳ የሚሆን መድኃኒትን ያለ ስም አሽጎ መሸጥ ወንጀል ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ሥራ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ያሳክካታል ወይ? ብጉር ሊያም ይችላል እንጂ ብዙም አያሳክክም። ጀርባና ትከሻ ላይ እኩል እኩል ሆኖ የሚያሳክክ ፍንጣሪ ማላሴዚያ በተባለ ፈንገስ የመጣ የጸጉር ሥር ቁጣ ሊሆን ይችላል። ያ በኬቶኮናዞል ሻምፑ ወይም ክሬም ይታከማል፤ በፀረ ባክቴሪያ ክኒን ግን ይብስበታል። ሁለቱን በዓይን የሚለየው ሐኪም ነው።

እውነተኛው ብጉር ከሆነ የሕክምናው መነሻ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ጀርባ ሰፊና እጅ የማይደርስበት ስለሆነ ከሚቀባው ይልቅ እንደ ሳሙና የሚታጠቡበት ዓይነት ይመቻል፤ ባለ 5 ከመቶውን ቀብቶ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ መለቅለቅ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ አንድ ጆግ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፤ ቀለም ያለውን ጨርቅ ያነጣል። ነጭ ፎጣና ነጭ አንሶላ ይሻላል፤ ጥበብ ያለው ነጠላ ግን በደንብ ሳይለቀለቁ ትከሻ ላይ ጣል አይደረግም። ማታ ማታ ደግሞ 0.1 ከመቶ አዳፓሊን ውታፉን ያላላል፤ መጀመሪያ ስለሚያደርቅ አንድ ቀን እየዘለሉ መጀመር ይሻላል። ላረገዘች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት አዳፓሊን አይመከርም።

ይህ ካልበቃ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል፤ ከ3 ወይም 4 ወር ላልበለጠ ጊዜ፣ ከሚቀባው መድኃኒት ጋር። ብቻውን ሲወሰድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋልና ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መጀመር ለነገም መጥፎ ነው። ጠባሳ ለሚተው ከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የተፈቀደው ይህ መድኃኒት ብዙ ጀርባ አድኗል፤ በጽንስ ላይ ግን ከባድ ጉዳት ያደርሳልና የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት አንስቶ ካቆመች በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ማርገዝ የለባትም። የደብዳቤ ጻፊዋ ወር አበባ የሚዛባ፣ አገጯ ላይም ጸጉር የሚበቅል ከሆነ ይህንንም ሳታፍር ለሐኪሙ ትንገረው፤ ምንጩ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግብ ብዙ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25 የሆኑ 43 ወንዶችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ የደም ስኳርን ቶሎ የማይሰቅል ምግብ የበሉት ብጉራቸው ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የነቢያት ጾም ሲገባ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ የሚያበዛ ሰው ሊያስብበት ይገባል። ጸጉሯን ቅቤ የምትቀባ ከሆነም ማታ ሻሽ ትሰር፣ ቅቤው ቀልጦ ወደ አንገትና ትከሻ እንዳይወርድ። ስትታጠብ ጸጉሯን ጎንበስ ብላ ታጥባ ጀርባዋን በመጨረሻ ትታጠብ።

የት ትሂድ? አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተመሥርቶ ዛሬ ሁሉንም ዓይነት የቆዳ ሕመም ያያል፤ በስሙ የሚሸማቀቁ አሉ፣ መሸማቀቅ ግን አያስፈልግም። ወሎ ላሉ አንባቢዎች ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። በብጉሩ ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የተጨመረበት ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይታይ።

አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ብጉሩ ቢጠፋም ጥቁር ቆዳ ላይ የሚተወው ጥላ በወራት እንጂ በሳምንታት አይለቅም፤ ከዓመትም የሚያልፍ አለ። ብጉሩን መጭመቅ ጥላውን ያጠቁረዋል፤ ጀርባና ትከሻ ደግሞ ከቁስል በኋላ ያበጠ ጠባሳ በቀላሉ የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ጥር 15 ጀርባዋ የተሻለ ይሆናል እንጂ ምንም ምልክት የሌለበት ላይሆን ይችላል። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ያለው ሙሽራዋ ዘንድ ነው። አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ከልክ የቀረችው ለምን እንደሆነ ብትነግራት ልብስ ሰፊዋ ለአራቱም ቀሚሶች ጀርባቸው ላይ ስስ ዳንቴል ልትገጥምባቸው ትችላለች። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ መናገር ነው የሚበጀው።

ደብዳቤው የተጻፈው መስከረም 30 ነው። ከዚያ እስከ ጥር 15 ድረስ 15 ሳምንት አለ፤ የብጉር ሕክምና ደግሞ ውጤቱ በደንብ እስኪታይ 12 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሚዜዋ በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ከሐኪሙ መልስ ለጓደኛዋ ትደውል።