ደቦና ወንፈል

ጥያቄ፦ ሽንፋ በምትባለው ቆላማ አካባቢ ሰሊጥ ሲደርስ ጎረቤት የሚረዳዳበት ደቦና ወንፈል አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ በሌላው ማሳ የዋለ ሰው ነገ የዋለበት ቀን በራሱ ማሳ ይመለስለታል። ሰዎቹ ጥቂት፣ ተራቸውም የታወቀ ነው። ደቦ ግን ጥሪ ነው። ጠሪው ምግብና መጠጥ አሰናድቶ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ያሰልፋል። ቀን የሚቆጥር የለም፤ ተጠርቶ የሚቀር ግን ሳይታማ አይቀርም።

ሰሊጥ ርብርብ የሚሻው በጠባዩ ነው። ፍሬው ከታች ወደ ላይ ይበስላል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካልታጨደ የታችኛው ፍሬ ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያጣድፈዋል። ስለዚህ ፈጥኖ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በዚህ ጊዜ ነዶውን በግዴለሽነት የሚያንገላታ ሰው የባለቤቱን ትርፍ አፈር ላይ ይበትናል።

ሰፊ እርሻ ያለው ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። ባለ ጥቂት ሄክታሩ ግን ጎረቤቱን ይጠራል። ማሳው ትንሽ ከሆነ ወንፈል ይበቃል፤ አጨዳው ማደር ካልቻለ ግን ድግሱ ወጪ ቢኖረውም ደቦ ይሻላል።