ሞርሳን ከብረት ክምር መርጦ ወደ ቤት ስለ ማምጣት

ጥበበ እድን የሚወድና በጓሮው ትንሽ የሥራ ስፍራ ለማሰናዳት የተመኘ ሰው፣ መሣሪያውን ሁሉ አዲስ ልግዛ ብሎ ዋጋ ሲጠያይቅ ሐሳቡ ገና ከጅምሩ ይቀዘቅዝበታል፤ ነገር ግን መርካቶ ወርዶ፣ በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ አሮጌ ላሜራ ተቀጥቅጦ ባልዲና መጥበሻ በሚሆንበት በምናለሽ ተራ የመዶሻ ጩኸት መካከል ጥቂት ቢዘገይ፣ ሌላው በቃኝ ብሎ ለቆራሌው የሸጠው ብረት ለእርሱ የዕድሜ ልክ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። ከዚያ ሁሉ ክምር አስቀድሞ ሊፈለግ የሚገባው ሞርሳ ነው፤ ሰጌቶም ሆነ ሞረድ በሚገባ የሚሠራው የሚቆረጠው ወይም የሚሞረደው ነገር ጸንቶ ሲያዝ ብቻ ነውና።

ለፍለጋው የሚወጣ ሰው ሶሉ የወፈረ ጫማና የቆዳ ጓንት ማድረግ፣ በኪሱም ማግኔት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ባትሪ፣ ጥቂት ላምባ በጠርሙስ፣ ቁራጭ ጨርቅና አንድ ጠመኔ መያዝ አለበት። የጠመኔው ነገር ሊያስቅ ይችላል፤ ጥቅሙን ወደ ኋላ እናየዋለን። ሻጩ እቃውን ወደደው ብሎ እንደ ገመተ የኪሎው ዋጋ ቀርቶ የእቃው ዋጋ ስለሚመጣ፣ ዓይን የገባውን ነገር መጀመሪያ አልፎ ሌላ ማገላበጥ ነውር የለበትም። «ጋሼ፣ ይኼኮ የጣልያን ብረት ነው» ቢባልም በዚያ ሰፈር የጣልያን ያልሆነ ብረት እምብዛም ስለማይገኝ፣ ቃሉን በፈገግታ ተቀብሎ ወደ ምርመራው መመለስ ይሻላል።

ምርመራው ዝገትን ከስንጥቅ ለይቶ በማወቅ ይጀመራል። ዝገት በላይ የተለጠፈ ኃጢአት ነው፤ በትዕግሥት ይሰረያል። ስንጥቅ ግን፣ በተለይ ባለሙያዎች ጊዛ በሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ብረት ላይ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በብየዳ ቢደፈንም ከአጠገቡ እንደገና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው፣ ለጀማሪ ሰው ንስሐ የሌለው ነው። ስለሆነም በአዲስ ቀለም የተዋበ አሮጌ ሞርሳ ከዛገው ይልቅ ያጠራጥራል። ማግኔቱን በገላው ላይ ቀስ አድርጎ ማስኬድ ነው፤ ዙሪያውን አጥብቆ የያዘው ማግኔት በአንድ ስፍራ ላይ ቢላላ፣ ከቀለሙ በታች ስቱኮ ተሞልቶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ የመንጋጋው ሥር፣ ብሎኖች የሚገቡባቸው ጆሮዎችና ዳዶው የተቀመጠበት ስፍራ በብሩሽ ይጠረጋሉ፤ ሞርሳን እንደ መስፍ የቀጠቀጡበት ሰዎች ጉዳት የሚታየው በእነዚህ ዘንድ ነው። የተጠረገው ስፍራ በላምባ ይታበስ፤ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ ፈጽሞ ይደርቅ፤ ጠመኔውም ተፈርፍሮ በላዩ ይቀባ። ስንጥቅ ካለ ወደ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ስለሚወጣ፣ በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል፤ ዓይንም ሆነ ጣት ያላገኘው ነገር በዚህ ይገለጣል።

ከገላው ቀጥሎ የሚመረመረው ዋናው ብሎን ነው። እጀታውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩት መንጋጋው ሳይንቀሳቀስ ጥቂት መላላቱ የእርጅና ወግ ነው፤ ግማሽ ዙር ያህል ባዶውን ከዞረ ግን ዳዶው ወይም ብሎኑ ተበልቷል። የብሎኑ ጥርስ አናቱ ሰፊ ሆኖ ከቀረና ዳዶው ብቻ ካለቀ፣ በቶርኖ ቤት አዲስ ዳዶ ማስቀረጽ ስለሚቻል ዋጋውን አስቀንሶ መግዛት ይገባል፤ ጥርሱ እንደ ቢላ ከሾለ ግን መተው ነው። የመንጋጋው ከንፈሮች መጥፋታቸው አያሳስብም።

ለከንፈር የሚሆነው ከዚያው ከክምሩ ስለሚገኝ አንድ ቁራጭ የመኪና ባሌስትራ አብሮ መግዛት መልካም ነው። ባሌስትራ በባሕርዩ ጠንካራ ስለ ሆነ እንዳለ በሰጌቶ ሊቆርጡት ቢሞክሩ ምላጩን ይጨርሳል፤ በከሰል እሳት ቀይ እስኪሆንና ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስ፣ ይኸውም ከ770 ዲግሪ በላይ፣ አግሎ በደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ያለሰልሰዋል። በማግስቱ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይሞረዳል፤ ለመያዣነት ብቻ ስለሚያገለግልም እንደገና ማጠንከር አያሻም። 

ርካሽ ቢሆኑም ሊገዙ የማይገባቸው አሉ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ መስሎ ቢታይም በውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ወይም በመቁረጫ እሳት ይፈነዳል፤ የመኪና ሾክ አብዞርበርም የታመቀ ጋዝና ዘይት ስላለው ወደ እሳት አይቀርብም። የፍሬን ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አይራገፍም። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብረትና የጉድጓድ ክዳን የመሳሰሉትማ፣ ኅሊናም ሕግም ስለሚከለክሉ፣ ማንም ቢያመጣቸው እጅ አይዘረጋባቸውም።

ሞርሳው ቤት እንደ ደረሰ ክፍሎቹ ተፈታተው፣ አፈታቱም በሥርዓት በወረቀት ተሥሎ፣ ቅባቱ በላምባ ይታጠብ። አልለቅ ያለ ብሎን በመዶሻ ከመደብደብ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ይሻላል። የቀድሞው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፣ እየረጠበ ይፋቅ። የዛጉት ክፍሎች በአቼቶ ውስጥ አድረው በማግስቱ በብሩሽ ይጠረጉ፤ ጊዛው ግን ከአንድ ሌሊት በላይ ቢቆይ አሲዱ ገላውን ይበላዋል። ቀጥሎ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይለቅለቁ፤ ወዲያው በፀሐይ ወይም በምድጃ ዳር ይድረቁና ዘይት ይቀቡ፤ እርጥብ ሆነው አንድ ሰዓት ቢቀመጡ የትናንቱ ዝገት ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻ ሞርሳው በወፍራም እንጨት ጠረጴዛ ዳር ላይ፣ በጠረጴዛው እግር አናት ባለው ስፍራ ይቀመጥ፤ ከፍታው የሠራተኛው ክንድ ሲታጠፍ ክርኑ ከመንጋጋው አናት ጋር የሚተካከልበት ይሁን፤ ቋሚው መንጋጋም ረጅም ብረት ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲያዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጥቂት ወጣ ይበል። የሚያያዘው በእንጨት ምስማር ሳይሆን ጠረጴዛውን በሚያልፉ ብሎኖች፣ ከሥርም ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎ ነው። ከዚያ በመንጋጋዎቹ መካከል በቀኝና በግራ ሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች አስገብቶ ማጥበቅ ነው፤ አንደኛው ወረቀት ሲስቡት ቢወጣ በዚያ በኩል ካለው ከንፈር ጀርባ ቀጭን የላሜራ ቁራጭ ገብቶ ሁለቱም ወረቀቶች እኩል እስኪያዙ ድረስ ይስተካከል።