ወቅታዊ ፍልሰትና ሥራ አጥነት በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች

ወደ አንድ አካባቢ የሚገባ ሠራተኛ የነባሩን ነዋሪ ሥራ ይሻማል ወይ የሚለው ጥያቄ በሥራ ኢኮኖሚክስ ገና እልባት አላገኘም። ዴቪድ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ በ1980 የገቡ ኩባውያን የማያሚን የሠራተኛ ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ቢያሳድጉም የነባሩ ሠራተኛ ደመወዝና የሥራ አጥነት መጠን እምብዛም እንዳልተለወጠ አመልክቷል። ጆርጅ ቦርሃስ በ2017 ያንኑ ክስተት ዳግም መርምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላጠናቀቁ ወንዶች ደመወዝ ክፉኛ መቀነሱን ተከራክሯል። የልዩነቱ ማዕከል መጪው ሠራተኛ የማን ምትክ፣ የማንስ አጋዥ ነው የሚለው ነው።

በጎማ፣ በሊሙ ኮሳና በማና ወረዳዎች ቡና በአመዛኙ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የበሰለ ፍሬ ጊዜ አይሰጥም፤ ከዘገየ ዛፉ ላይ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። ለእጥብ ቡና የሚሆነው ቀይ እሸትም ሳይውል ሳያድር መፈልፈያ መድረስ አለበት። በዚሁ ወቅት ገበሬው የጤፍና የበቆሎ አዝመራውን ይሰበስባል። ስለዚህ ከዳውሮ፣ ከከፋና ከከምባታ የሚመጣው ለቃሚ የሚሞላው የቤተሰብ ጉልበት ያልደረሰበትን ክፍተት ነው። ለቀማው ሲሰፋም የመፈልፈያው፣ የማድረቂያ አልጋው፣ የጫኝና አውራጁ ሥራ አብሮ ይሰፋል።

የታሪክ ማስረጃውም ወደዚሁ ያዘነብላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ በቅጥር ጉልበት ማረስን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ የቡና ጫካዎች ይደረግ የነበረው ወቅታዊ ጉዞ መቀነሱን አድሪያን ዉድ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳይቷል። ለቃሚው የነባሩ ምትክ ቢሆን ኖሮ መቅረቱ ለነዋሪው የሥራ በር በከፈተ ነበር፤ የተከተለው ግን የለቃሚ እጥረት ነው። ሆኖም አዋጁ መሬትንም ስላደላደለ የፍልሰቱን ውጤት ነጥሎ ለመለካት አያመችም።

ሽሚያው የሚጀምረው ከለቀማ በኋላ ነው። ወደ ትውልድ ቀዬው ሳይመለስ ጅማ ወይም አጋሮ የሚቀረው ሠራተኛ፣ የከተማው ሥራ አጥ ወጣት የሚፈልገውን የግንባታና የሸክም የቀን ሥራ ይፈልጋል። በኅዳር አጋዥ የነበረው በየካቲት ምትክ ይሆናል።

ስለሆነም በአንድ ወር ብቻ መረጃ የሚሰበስብ የሥራ አጥነት ጥናት በኅዳር ጥቅሙን ብቻ፣ በየካቲት ጉዳቱን ብቻ ያሳያል። በቡና ከተሞች ፍልሰትን የሚመለከት ጥናት በለቀማ ወራትና ከለቀማ ውጭ፣ ነባሩንና መጪውን ለይቶ መለካት ይገባዋል።