ስመ ጥር ተጫዋች በደካማ ቡድን ውስጥ የሚወድቅበት ምክንያት፤ ለነጋዴዎች የቀረበ ጥናት

በወላይታ ሶዶ ከተማ ከነጋዴዎች አፍ በየጊዜው የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም፣ ከፍ ያለ የምስክር ወረቀት የያዘና በሌላ ድርጅት የተመሰገነ ሠራተኛ በብዙ ደመወዝ መጥቶ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ከነባሮቹ የማይሻል ሆኖ ተገኘ የሚል ነው። ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ የሚደመደመው በሠራተኛው ላይ በመፍረድ ነው። የምስክር ወረቀቱ አያምንም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ አገሩ አልተስማማውም ይባላል። የገባበት ቤት እንዴት ያለ ቤት እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ከንግድ ቤት ይልቅ በጨዋታ ሜዳ ላይ መመርመር ይቀላል። በሜዳ ላይ ማሸነፍም መውደቅም በሕዝብ ፊት ይቈጠራል፣ ይጻፋልም፤ የነጋዴ መዝገብ ግን ከባለቤቱና ከገቢዎች መሥሪያ ቤት በቀር የሚያየው የለም፤ አንዳንዱንም ባለቤቱ ራሱ አያየውም።

ስለ ኳስ ሲነሣ የሶዶ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ወላይታ ድቻን ነው። ክለቡ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ በማሸነፉ፣ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ውድድር ለመሰለፍ በቃ። በመጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አሳልፎ፣ ቀጥሎ የገጠመው የካይሮውን ዛማሌክን ነበር። ዛማሌክ የአህጉሩን የሻምፒዮኖች ዋንጫ 5 ጊዜ የወሰደ፣ ስሙ በአፍሪካ ሁሉ የታወቀ ክለብ ነው። ድቻ በሐዋሳ ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመለያ ምት ግን 4 ለ 3 ረትቶ ወደሚቀጥለው ዙር አለፈ። የሁለቱ ክለቦች ተጫዋቾች አንድ በአንድ ለገበያ ቢቀርቡ የካይሮዎቹ ዋጋ እጅግ የላቀ እንደሚሆን የሚጠራጠር አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ሁለት ግጥሚያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በመለያ ምት ላይ ዕድልም የራሷ ድርሻ አላት። ሆኖም ተጫዋቾቹ ተደምረው የሚያወጡት ዋጋና ቡድኑ የሚያወጣው ዋጋ አንድ እንዳልሆነ በዚያ ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጉዳይ፣ ማለትም የአንዱ ሰው ዋጋ እጅግ ከፍ ብሎ ቡድኑ ግን ዝቅ ያለበት ሁኔታ፣ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ፉትቦል ተብሎ የሚጠራው ጨዋታ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የእግር ኳስ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእጅም ይወረወራል። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ከእነዚህ መካከል ኳርተርባክ የሚባለው የአጥቂው ወገን አዛዥ ነው። ጨዋታው በተጀመረ ቍጥር ኳሱ ወደ እርሱ እጅ ይገባል፤ እርሱም በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ሜዳውን ተመልክቶ፣ ወደ ፊት ከሚሮጡት ባልደረቦቹ ለአንዱ መወርወር አለበት። በፊቱ 5 ግዙፋን ሰዎች ተሰልፈው ተቃዋሚዎቹ እንዳይደርሱበት ይከላከሉለታል። እነዚህ አምስቱ ኳስ አይወረውሩም፣ ስማቸውም በጋዜጣ እምብዛም አይወጣም። ነገር ግን እነርሱ የተሸነፉ እንደ ሆነ አዛዡ ኳሱን እንደ ያዘ ተይዞ መሬት ላይ ይጣላል።

የዚህ ጨዋታ ብሔራዊ ሊግ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ድራፍት የተባለ ደንብ አለ። ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያውንም ምርጫ የሚያገኘው ባለፈው ዓመት የሁሉ መጨረሻ የሆነው ቡድን ነው። አዲስ የተቋቋመ ቡድን ሲኖር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅድሚያው ለእርሱ ይሰጣል። ሐሳቡ ደካማውን ለማበርታት ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ደንብ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ከሁሉ ይልቅ ወደ ተበላሸው ቤት እንዲሄድ ይገደዳል። ቤቱ የተበላሸው ደግሞ አንድ ሰው ስለ ጐደለው ብቻ አይደለም።

በ2002 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ቴክሳንስ የተባለው አዲስ ቡድን የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ፣ ዴቪድ ካር የተባለውን የፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ወሰደ። የቡድኑ ኃላፊዎች ማስተዋል የጐደላቸው አልነበሩም። ከነባር ቡድኖች ተጫዋች እንዲወስዱ በተፈቀደላቸው ጊዜ በመጀመሪያ የመረጡት ቶኒ ቦሴሊን ነበር፤ ይህም ሰው ኳርተርባክን በመጠበቅ እጅግ የታወቀ ተከላካይ ነው። ነገር ግን ቦሴሊ በትከሻው ጉዳት ምክንያት ለሂዩስተን አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ቀረ። አጥሩ ሳይታጠር ዕቃው ወደ ግቢ ገባ ማለት ነው። ቡድኑ በመጀመሪያ ግጥሚያው የጎረቤቱን ዳላስ ካውቦይስን 19 ለ 10 ስላሸነፈ ደስታው ታላቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወጣቱ በዚያ አንድ የውድድር ዘመን 76 ጊዜ ኳሱን እንደ ያዘ መሬት ላይ ተጣለ። ይህም በሊጉ ታሪክ ከፍተኛው ቍጥር ሆኖ ተመዘገበ። በ2005 እ.ኤ.አ. እንደ ገና 68 ጊዜ ተጣለ፤ በ5 ዓመት ውስጥ ድምሩ 249 ደረሰ። በ2007 እ.ኤ.አ. ቡድኑ አሰናበተው፤ በሌሎች ክለቦችም ከተጠባባቂነት ብዙም ሳያልፍ ዘመኑ አለቀ።

እዚህ ላይ ቈም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰው ብዙ ጊዜ ከተመታ የሚጐዳው አካሉ ብቻ አይደለም። ዐይኑ ሩቁን ሜዳ ማየት ትቶ የቅርቡን አደጋ መጠበቅ ይጀምራል፤ ባይመጣበትም የሚመጣበት እየመሰለው ይቸኩላል። ከዚያ በኋላ መልካም ጠባቂ ቢሰጠው እንኳ የቀድሞው ሰው ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በደካማ ቤት ያለፈው ዓመት በኋላ የሚካስ ዓመት አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ደካማ ቡድን የገባ ሁሉ ይወድቃልን? አይወድቅም። ፔይተን ማኒንግ በ1998 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሲሄድ፣ ቡድኑ ባለፈው ዓመት ከ16 ግጥሚያ ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። በማኒንግ የመጀመሪያ ዓመትም ያሸነፈው ያንኑ 3 ነው፤ ወጣቱም ኳሱን 28 ጊዜ ወርውሮ ለተቃዋሚ አስነጠቀ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቡድኑ 13 ግጥሚያ አሸነፈ። ልዩነቱ ከወዴት መጣ ቢባል አንዱ ቍጥር ብዙ ይናገራል፤ ማኒንግ በዚያ በከፋው ዓመት ኳሱን እንደ ያዘ የተጣለው 22 ጊዜ ብቻ ነው። ስሕተት ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ቆሞ፣ ሜዳውን እያየ፣ ከስሕተቱ እየተማረ ነበር የሚሳሳተው። ካር ለመሳሳት እንኳ ጊዜ አላገኘም። በዚያው በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ራያን ሊፍ ግን በሳን ዲዬጎ የወደቀው በአብዛኛው በራሱ ጠባይ መሆኑን አለመጥቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ቤቱ ምንም ቢከፋ ጥፋቱ ሁልጊዜ የቤቱ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የአሌክስ ስሚዝ ታሪክ ነው። እርሱ በ2005 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ከዚያ ዓመት እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ የማጥቃቱን ዕቅድ የሚያወጡት አሠልጣኞች በ5 ዓመት 5 ልዩ ልዩ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ የአንዱን ትእዛዝና የምልክት ቃል ተምሮ ሲጨርስ ሌላው በሌላ ቃል ይመጣል። ገንዘብ የፈሰሰበት አላዋቂ ተብሎ በሕዝብ ተዘበተበት። በ2011 እ.ኤ.አ. ጂም ሃርቦ የተባለ ዋና አሠልጣኝ መጥቶ ቤቱን ባስተካከለ ጊዜ፣ ያው ሰው በዚያው ሜዳ ከ16 ግጥሚያ 13ቱን ያሸነፈ ቡድን መራ። በ2005 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከእርሱ ጋር የተወዳደረው አሮን ሮጀርስ በበኩሉ እስከ 24ኛ ተራ ወርዶ ግሪን ቤይ ደረሰ፤ ያን ጊዜ እንደ ውርደት ተቈጠረ። ነገር ግን በዚያ በደረጀው ቤት ብሬት ፋርቭ ከተባለው አንጋፋ ጀርባ 3 ዓመት ተቀምጦ ተማረ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቦታውን ተረከበ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመንም ሻምፒዮን ሆነ። ሮጀርስ በተፈጥሮውም ይበልጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። የቦታ ለውጥ ያደረጉ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም።

ስሚዝ ወደ ካንሳስ ሲቲ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ የአንጋፋነቱ ተራ ለእርሱ ደረሰ። ያ ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. 12 ግጥሚያ ያሸነፈ ብርቱ ቡድን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ምርጫዎቹን ለቡፋሎ አሳልፎ በመስጠት 10ኛውን ተራ ገዝቶ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ፤ ነገር ግን ቸኩሎ አላሰለፈውም። ወጣቱ ዓመቱን በሙሉ ስሚዝን ሲመለከት ከርሞ በመጨረሻው ግጥሚያ ብቻ ተሰለፈ። በ2018 እ.ኤ.አ. ቦታው ሲሰጠው 50 ጊዜ ለግብ የበቃ ኳስ ወርውሮ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ለወላይታ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዋዱ በሚል ስም የሚታወሰው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲጀምር፣ ለገበሬው ምርጥ ዘር ብቻ አላቀረበም፤ ማዳበሪያውን፣ ብድሩንና የእርሻ ምክሩን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነበር የሰጠው። ማዳበሪያ ባጣ መሬት ላይ የተዘራ ምርጥ ዘር ከአገሩ ዘር ያነሰ ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ገበሬው ያውቃል፤ እንዲህ ሲሆን የተወቀሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዘሩ ነው።

ወደ ንግድ ቤት እንመለስ። አንድ የሶዶ ነጋዴ ከአረካ፣ ከቦዲቲና ከሁምቦ ቡና፣ ቦሎቄና ዝንጅብል እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይልካል እንበል። ሒሳቡ ስለ ተዘበራረቀ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ፣ እጅግ የተመሰገነ ወጣት ይቀጥራል። ወጣቱ ገብቶ ሲያይ መጋዘን ጠባቂው ጆንያውን የሚረከበው ያለ ሚዛን ወረቀት ነው። የባለቤቱ የወንድም ልጅ ለሚያውቀው ሁሉ በዱቤ ይሰጣል፣ አይጽፍም። ገንዘብ ያዧ የቀኑን ሽያጭ ሳትዘጋ ባለቤቱ ራሱ ማታ ከመሳቢያ አውጥቶ ይሄዳል። ያ ምሩቅ ሒሳብ ሊሠራ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲያሳድድ ይውላል፤ የግብር ማስታወቂያ ጊዜ ሲደርስ የሚያቀርበው ያልተሟላ ነው፤ መቀጫውም በስሙ ይቈጠርበታል። ይህ በሜዳ ላይ 76 ጊዜ ከመጣል በምን ይለያል? መጋዘን ጠባቂው፣ ገንዘብ ያዧና ሚዛን ተቈጣጣሪው እንደ እነዚያ አምስት ስም የለሽ ተከላካዮች ናቸው፤ ደመወዛቸው ጥቂት ስለ ሆነ ስለ እነርሱ ማንም አይጨነቅም።

በአስመጪው ዘንድም ነገሩ አንድ ነው። የባንክን የሌተር ኦፍ ክሬዲት ሥርዓትና የጉምሩክን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አምጥቶ፣ ዋጋ የመቍረጡን ሥልጣን ዛሬ ለእርሱ፣ ነገ ለወንድም፣ ከነገ ወዲያ ለደላላ የሚሰጥ ባለቤት በ5 ዓመት 5 አሠልጣኝ እንደ ለዋወጠው ቡድን ነው።

ጉዳቱም በደመወዝ ብቻ አይቀርም። ባለቤቱ «የተማረ ሠራተኛ አይጠቅምም» የሚል የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ይቀራል፤ የሚቀጥለውንም ቅጥር በዝምድና ብቻ ያደርገዋል። ሠራተኛው ደግሞ ስሙን ያጣል። ሶዶ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ከተማ ናት፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ከተቋቋመ በኋላ የምሩቁ ቍጥር ስለ በዛ፣ በአንድ ቤት «አልሆነም» የተባለ ወጣት በሌላው ደጅ የሚሰጠው ዕድል ጠባብ ነው።

በዚህ ረገድ ሕጉም ሊታወቅ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ሊበልጥ አይችልም። ማኒንግ በመጀመሪያ ዓመቱ ባሳየው ውጤት ቢመዘን ኖሮ በ60 ቀን ይሰናበት ነበር። እንግዲህ ነጋዴው በዚህ አጭር ጊዜ ሊመለከት የሚገባው የተገኘውን ትርፍ ሳይሆን ሠራተኛው ነገሩን ማየቱንና ማስታወቁን ነው። የጐደለውን የሚዛን ወረቀት አስተውሏልን? ያልተጻፈውን ዱቤ ለባለቤቱ አመልክቷልን? ትላንት የሳተውን ዛሬ ደገመውን? ባለቤቱም በበኩሉ ያ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት የመጋዘኑን መረካከቢያ ደብተር ከፍቶ፣ የወንድሙን ልጅ የዱቤ ሥልጣን ወስኖ፣ ከመሳቢያው የሚወስደውን ገንዘብ ራሱ ፈርሞ መውሰድ ቢጀምር፣ በ60ኛው ቀን የሚፈርደው በሠራተኛው ላይ እንጂ በራሱ ቤት ላይ አይሆንም።